የትልቋ ተራ

«ይሄ ግፍ ካልሆነ ግፍ ምን ሊባል ነው? ትናንት ጡት የጣለ ሕፃን የመስታወት ብርጭቆ አስይዘው ሲያሳጥቡት በዚህ በዓይኔ አየሁ!»

ድምፁ ከሦስተኛው ፎቅ ቁልቁል መጣ። ልብስ ሰፊዋ ሻንጣዋን ደረጃው ላይ አሳርፋ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበርና ሳትፈልግ ሰማች። «እናትየው እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች፣ አባትየው ከመድኃኒት ቤቱ አይወጣም። ታዲያ ልጆቹ ምን ያድርጉ?» አለች ሌላ ሴት። «ምን ያድርጉ ማለት! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ይሄ ሞንተሶሪ የሚሉት ትምህርት ቤት ነው ያበላሻቸው። ሰው ልጁ ቁጥር እንዲማርለት ይከፍላል፤ እነዚህ ግን ከፍለው ልጆቻቸውን ጽዳት ያስቀጥራሉ!» ሁለቱም ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ብቅ ስትል ሳቁ ተቆረጠ። «እንዴት አደራችሁ፣ የልጆቹ አክስት ነኝ» አለቻቸው። አንደኛዋ ደንግጣ ሻንጣውን ካልያዝኩልዎ አለች፤ ሌላዋ ደግሞ የደረጃውን የብረት መደገፊያ፣ ድንገት አቧራ ያየችበት ይመስል፣ በእጅጌዋ ትወለውለው ጀመር።

ወንድሟ የደወለላት ትናንት ነበር። ሚስቱ እርጥብ ደረጃ አንሸራቷት ወድቃ፣ እግሯ በቀዶ ጥገና ተጠግኖ፣ ለሳምንታት ከአልጋ እንደማትነሣ ነገራትና «እትዬ፣ ድረሽልኝ» አላት። እትዬ ደግሞ ድረሽልኝ ከተባለች ሱቋን ጥላ የምትነሣ ሴት ናት። የሠርግ ልብስ የጀመረችላቸውን ደንበኞች ለምና፣ ሱቁን ለተለማማጆቿ አደራ ብላ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈረች። ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ሽርጥ፣ የሰው ቤት ቢላ አላምን ስለምትል የራሷ ቢላ፣ ልጆቹ እናታቸውን ፈልገው ሲያለቅሱ ማባበያ የሚሆን አንድ ከረጢት ከረሜላ ነበር። በሩን ከማንኳኳቷ በፊት በሐሳቧ ቤቱን ጠርጋ፣ ልጆቹን አጥባ፣ ምሳውን አብስላ ጨርሳለች። አሁን ደግሞ ደረጃው ላይ የሰማችው ነገር ተጨመረበትና ሕፃኑን ከነብርጭቆው ነጥቃ የምታቅፍበትን ሰዓት ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

በሩን የከፈተላት መካከለኛው ልጅ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሲሆን፣ ቤቱ ውስጥ የተነሣን ክርክር ሁሉ ግራ ቀኙን ሰምቶ ካልፈረደ እንቅልፍ ስለማይወስደው ዘመዱ ሁሉ ዳኛው ይለዋል። ጉንጩን አገላብጣ ሳመችው፤ «ወይኔ ልጄን፣ ከሳህብኝ!» አለችና ካፖርቷን ሳታወልቅ ሽርጧን ከላይ አሥራ ወደ ወጥ ቤት ገሰገሰች። እዚያ ስትደርስ ቆመች። አሥራ ሦስት ዓመቷን የያዘችው ትልቋ ልጅ እንቁላል ትጠብሳለች። ከአጠገቧ፣ ድቡልቡል የሚሉት የሁለት ዓመቱ ትንሹ ልጅ አነስተኛ የእንጨት መቆሚያ ላይ ወጥቶ ሙዝ ይቆራርጣል። ቢላው ጫፉ የዶለዶመ ነው፤ እሱ ግን ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ሰው ሊቀድድ እንደተዘጋጀ ሐኪም አቀርቅሯል። «ኧረ ጉዴ! ና ውረድ አንተ!» ብላ ከነቢላው አንሥታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ልጁ ጩኸቱን ለቀቀው። ለቅሶ አልነበረም፤ ገበያ መሐል ዕቃውን የተቀማ ነጋዴ አቤቱታ ነበር። «የእኔ ሥራ! የእኔ ሥራ!» ይላል እየተወራጨ። ዳኛው ከኋላ ደረሰና እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ «አክስቴ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይቋረጥም። እስኪጨርስ ይጠበቃል» ሲል ፈረደባት። ትልቋ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መጥበሻው ጎንበስ አለች። አክስት ድቡልቡልን መልሳ መቆሚያው ላይ አኖረችው፤ እሱም አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርጓት ወደ ሙዙ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የምትሠራው ነገር አጣች። ሳህኑን ላቅርብ ብትል ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ሻይ ላፍላ ብትል ፈልቶ ተከድኗል። አልጋ ላንጥፍ ብላ ወደ ጓዳ ብትሄድ፣ የትንሹ አንሶላ እንኳ ከወለሉ ብዙም ከፍ በማትለው አልጋው ላይ፣ ትንሽ የተጨማደደች ብትሆንም ተነጥፋለች። መጨማደዷን በመዳፏ ለማቃናት እጇን ዘረጋችና፣ ማን እንዳነጠፋት ገብቷት መለሰችው። ተመልሳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጇ ሥራ የለመደ እጅ ነው፤ ጭኗ ላይ ስታኖረው የሰው እጅ መሰላት። ቁርስ ተበልቶ ሁሉም ሳህኑን ወደ መታጠቢያው ሲወስድ ድቡልቡል ውኃ አፈሰሰ፤ «በቃ፣ ይሄንንስ እኔ!» ብላ ልትነሣ ስትል እሱ ከመደርደሪያው ሥር ስፖንጁን አውጥቶ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ነበር። ግማሹን ውኃ ጠረገ፣ ግማሹን አሰፋው። ማንም ምንም አላለውም። ከሁሉ የገረማት ግን የጃኬቱ ነገር ነው። ልጁ ጃኬቱን ወለሉ ላይ ዘረጋ፣ ከአንገትጌው በኩል ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጆቹን እጅጌዎቹ ውስጥ ከተተና በራሱ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላ ገለበጠው። ጃኬቱ በጀርባው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኳን ለሰው ልብስ ስትሰፋ፣ ለሕፃናት ከኋላ የሚከፈት፣ ከትከሻ የሚቆለፍ፣ ስንቱን ዓይነት ስታበጅ ኖራለች፤ እንዲህ የሚለበስ አይታ አታውቅም። «እንደገና አሳየኝ እስቲ» አለችው። ድቡልቡል ደስ ብሎት አውልቆ እንደገና ለበሰ።

ወንድሟ ይሄኔ ከመኝታ ቤት ብቅ አለ። ፀጉሩ ቆሟል፣ ጺሙ አድጓል። «ካልሲዬን ያየ አለ?» አለ ለቤቱ ሁሉ። «መሳቢያ!» አለ ድቡልቡል ከወለሉ ላይ። ካልሲው ተገኘ። እህቱን አቅፎ ሳማት፤ ዓይኑ እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል። ከዚያ ክንዷን ይዞ ወደ በሩ ወሰዳትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትልቋ የመግቢያ ፈተና አለባት። እዚያ ትልቁ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎቹ ሁሉ በደረጃ የሚወጡበት። ስምንተኛ ክፍልን እዚያ እንድትማር አስመዝግቤያታለሁ። እኔ ከመድኃኒት ቤቱ መውጣት አልችልም፤ አንቺ ውሰጂያት።» «እናቷ ታውቃለች?» ስትለው ካልሲውን በእጁ ውስጥ ጠቀለለው። «ስትድን እነግራታለሁ። አሁን ማስጨነቅ አልፈለግኩም» አለ። ወጥ ቤት ውስጥ የሳህን መታጠብ ድምፅ ነበር፤ ለቅጽበት ቆመና እንደገና ቀጠለ። ወንድምየው ጫማውን አጥልቆ ሲወጣ ለልጅቱ «አይዞሽ፣ ጎበዝ» አላት፤ እሷም «እሺ አባዬ» አለች። በሩ ሲዘጋ እጇን አደራረቀችና አክስቷን በፈገግታ አየቻት። «ፈተናው ከሰዓት ነው አይደል? ጠዋት ትምህርት ቤታችንን መጥተሽ እዪው። እንግዳ ይፈቀዳል።»

አክስት ለምን እሺ እንዳለች በኋላም በቅጡ አልገባትም። ምናልባት ባዶ ቤት ውስጥ እጇን አጣጥፋ መቀመጡን ፈርታ ይሆናል። ግቢው ረጃጅም ዛፎች አሉበት፤ ሦስት ቤቶች ከቁልቁለቱ እስከ ዳገቱ ተራ በተራ ይቆማሉ። ታችኛው ከሚድኸው ጀምሮ የሕፃናቱ ነው፣ መካከለኛው እነዳኛው የሚማሩበት፣ ላይኛው እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉት የትልልቆቹ። ድቡልቡል ቦርሳውን በቁመቱ ልክ ከተመታው መስቀያ ላይ ሰቀለና ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት ገባ። አክስት ለመሳም ጎንበስ እንዳለች ቀረች። የክፍሉ መምህርት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ብዙም የማይበልጥ ሴት ናቸው። ጥግ ላይ ያለ ወንበር አሳዩዋትና «ይሄ የተመልካች ወንበር ነው። እዚህ የሚቀመጥ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያል እንጂ አይነሣም። ከሥራ ሁሉ የሚከብደው ይሄኛው ነው» አሉ እየሳቁ። አክስትም ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ሥራ ይኸው መሆኑን አሰበችና ፈገግ አለች።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ትንሽ ነው፤ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ መጥረጊያው፣ የካሮት መላጫው። ገና ቁጭ ማለት የጀመረች ሕፃን መስታወት ፊት ተኝታ እግሯን ታያለች። አንዱ ከማሰሮ ወደ ብርጭቆ ውኃ ይገለብጣል፤ ሞላ ሲል ይደፋና እንደገና ይጀምራል። ደጃፉ ላይ ግን አንድ አዲስ ልጅ ነበር፤ የእናቱን የአንገት ልብስ ጨብጦ ወደ መንገዱ እያየ፣ ሰውነቱ እስኪንቀጠቀጥ ያለቅሳል። የአክስት እግር ሳታዘው ሊነሣ ሲል መምህርቷ እጅጌዋን በቀስታ ነካ አደረጓት። በዚያው ቅጽበት ትልቋ ልጅ ገባች። አንዳንድ ቀን ጠዋት ጠዋት ትልልቆቹ ወደዚህ ወርደው እንደሚያግዙ አክስት አታውቅም ነበር። ልጅቱ አዲሱን ልጅ አላቀፈችውም፣ እሹሩሩም አላለችውም። ከአጠገቡ፣ ወለሉ ላይ፣ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ተቀመጠች። የካሮቱን ሰሃን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ትልጥ ጀመር። ልጁ አለቀሰ፤ እሷ ላጠች። ልጁ አየት አደረጋትና አለቀሰ። እሷ አንድ ጉማጅ ቆርጣ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ሌላውን በመካከላቸው አኖረች። ለቅሶው ወደ ሳግ፣ ሳጉ ወደ ዝምታ ወረደ። ብዙ ቆይቶ አንዲት እርጥብ ትንሽ እጅ ካሮቷን አነሣች። ትልቋ ስትነሣ ልጁ ተከትሏት በእግሩ ገባ። መምህርቷ ወደ አክስት ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «እሷም መራመድ የጀመረች ሰሞን እዚያው ደጃፍ ላይ ነበር የምታለቅሰው። ስንቀበላት ገና ትድኽ ነበር፤ ሰው መለየት ስትጀምር ነው ያስቸገረችን። ያኔ እንዲህ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ አሁን ነርስ ሆናለች። የእርስዎ ልጅ የምትሠራውን ማንም አላስተማራትም፤ ተደርጎላት ነው የምታውቀው» አሏት። አክስት ካሮት የያዘውን ልጅ በዓይኗ ተከተለችው።

ላይኛው ቤት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ትልልቆቹ ሳሙና እየሠሩ ለወላጆችና ለሰፈር ሰው ይሸጣሉ፤ ሒሳቡንም፣ የዘይቱንና የሶዳውን ነገርም የሚማሩት በዚያው ነው። አክስት ስትገባ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ነበር፤ ጭቅጭቅ አለ። የሰሞኑ ሳሙና አልጠነከረም፤ ሲቆረጥ እንደ ቅቤ ይለጠፋል። ወጣቱ መምህር ጥግ ላይ ሆኖ አገጩን ይዞ ከማዳመጥ በቀር ቃል አይተነፍስም። ስብሰባውን የሚመራው ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ አንድ ረጅም ልጅ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል። ትልቋ እጇን አወጣች። «እኔ ነኝ። የዘይቱን ልክ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ በትንሹ መለኪያ መስሎኝ በትልቁ ለካሁ» አለች። አክስት ወንበሯን ጨበጠች። ሱቋ ውስጥ ያሉ ተለማማጆች ጨርቅ ያበላሹ ዕለት የሚያደርጉትን ታውቃለች፤ ጠቅልለው ከመኪናው ሥር ይወሽቁታል፣ ወር ቆይቶ ስትጠርግ ታገኘዋለች። እዚህ ግን ማንም አልጮኸባትም። አንዷ «ታዲያ ቀልጦ እንደገና ይሠራ ይሆን?» አለች፤ ሌላው «መጀመሪያ ትንሹን እንሞክር» አለ። ረጅሙ ልጅ ሰባተኛ ክፍሎቹን አየና፣ «በሚመጣው ዓመት ይሄን ቦታ የምትይዙት እናንተ ናችሁ። እኛ አንኖርም። ስለዚህ ይሄኛውን እናንተ ፍቱት፤ እኛ እናያለን» አላቸው። ሰባተኞቹ ሁሉ ፊታቸው በራ። ትልቋ ብቻ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች፤ ቶሎ ደግሞ ተመለሰች። አክስት ያቺን አፍታ አላለፈቻትም።

ከሰዓት በኋላ የሄዱበት ትምህርት ቤት ክፉ ትምህርት ቤት አልነበረም። አጥሩ ነጭ ነው፣ ኮሪደሩ ይብረቀረቃል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ፎቅ ነው፤ ትልቋ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ መጻሕፍቱን ለደቂቃዎች አየች። መዝጋቢው ሰውዬ ትሑትና ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። ከመግቢያው ትይዩ ያለውን፣ የደረጃ ተማሪዎች ፎቶግራፍ የተሰቀለበትን ግድግዳ በኩራት አሳዩዋቸው። «ከክፍልሽ ስንተኛ ነሽ?» ሲሏት «እኛ ጋ ደረጃ የለም» አለች። ሰውየው ግራ ተጋብተው አክስትን አዩ፤ አክስትም ትከሻዋን ነቀነቀች። ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ በሰልፍ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። አክስት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ከጎኗ የተቀመጠች አንዲት እናት ጥፍሯን ትበላለች፤ ልጇ ሌሊቱን ሲያነብ እንዳደረ፣ ጠዋትም እንዳስመለሰው አወራቻት። «የእርስዎዋስ?» ስትላት አክስት «እንቁላል ጠበሰች» አለችና ራሷ ባለችው ነገር ራሷ ሳቀች። ልጆቹ ሲወጡ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ መልስ ያመሳክራል። ትልቋ ወደ ቧንቧው ሄዳ ውኃ ጠጣች። ውጤቱ እዚያው ተነገረ፤ አልፋለች። ከሁሉ የበለጠች አልነበረችም፣ ከኋላም አልነበረችም፤ አንድ ጥያቄ ጊዜ አልበቃትም። መዝጋቢው «ጥሩ ነሽ፣ እዚህ ስትመጪ ፍጥነቱን እናስተምርሻለን» ብለው ጨበጧት። እሷም አመሰገነቻቸው።

ወደ ቤት በእግር ነው የተመለሱት። አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ትኩስ ዳቦ ገዝተው ልጅቱ ከረጢቱን ያዘች። «ፈተናው ከበደሽ?» አለች አክስት። «አይ፣ አልከበደኝም። ቤተ መጻሕፍቱ ደስ ይላል።» ከረጢቱን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። አክስት የልጅ አንደበት እንደ ጠባብ ኪስ መሆኑን ታውቃለች፤ እጅ ጨምረው ካስቸኮሉት ይቀደዳል። እስኪወጣ ጠበቀች። መሻገሪያው ላይ መኪናዎቹ እስኪያልፉ ቆመው ሳለ ልጅቱ ተናገረች። «አክስቴ፣ እኛ ጋ በአንድ ክፍል ሦስት ዓመት ነው የምንቆየው። የመጀመሪያው ዓመት ታያለሽ። ሁለተኛው ትለምጃለሽ። በሦስተኛው አንቺ ነሽ የምትይዣቸው፤ አዲሶቹን። ከሕፃናቱ ክፍል ጀምሮ እንደዚያ ነው። አሁን ላይኛው ቤት ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የሚቀጥለው የእኔ ተራ ነበር።» መኪናዎቹ አልፈው ነበር፤ አልተሻገሩም። «ለአባትሽ ለምን አልነገርሽውም?» «አልጠየቀኝም። ደግሞ እናቴ ከወደቀች ጀምሮ አይተኛም። ሌሊት ሌሊት ሳሎን ሲመላለስ እሰማዋለሁ። ሌላ ጭንቀት ልጨምርበት አልፈለግኩም።» አክስት የልጅቱን ትከሻ ያዘችና ተሻገሩ። ልጅ ስለ አባቷ ታስባለች፣ አባት ስለ ሚስቱ ያስባል፤ ሁሉም ተዛዝኖ ዝም ብሏል። ቤቱ ውስጥ ያለው ዝምታ ከየት እንደመጣ አሁን ገባት።

ወንድሟ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። ገና ከበሩ «እትዬ፣ አለፈች?» አላት። «አለፈች።» ተመስገን ብሎ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ልጆቹ ወጥ ቤት ናቸው፤ ዳኛው ዳቦው እንዴት እኩል እንደሚቆረጥ ችሎት ተሰይሟል። አክስት ከወንድሟ ፊት ለፊት ተቀመጠች። «አለፈች፤ ግን እዚያ ባትገባ ይሻላል ባይ ነኝ» አለችው። ወንድሟ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እትዬ፣ ክፉ አስቤላት መሰለሽ? የዛሬ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። እዚያ ማንም ምንጣፍ አያነጥፍላትም። ደወል አለ፣ ፈተና አለ፣ ደረጃ አለ። ድንገት ከሚመታት ካሁኑ ትልመደው ብዬ ነው።» ድምፁ ውስጥ ያለው ፍርሃት የእውነት ነበር፤ አክስትም አልሳቀችበትም። «ደወሉንም ፈተናውንም ዛሬ አየችው እኮ» አለችው ቀስ ብላ። «ብቻዋን ገባች፣ ሠርታ ወጣች፣ ውኃ ጠጣች። አንድም ቀን ሳትለማመደው ያለፈችውን ነገር ለመልመድ አንድ ዓመቷን ልትሰጥ ነው? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሌላ አላውቅም። ልብስ ሳይዘመዘም ከመኪናው አይነሣም። ጨርቁ ያው ነው፣ ስፌቱም ያው፤ ጫፉ ካልተዘመዘመ ግን በሁለተኛው አጠባ መተርተር ይጀምራል። የዚች ልጅ ዝምዝማት የሚመጣው ዓመት ነው።»

ወንድምየው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «አንተን ያሳደግኩህ እኔ ነኝ» አለችው። «እናታችን ስታርፍ ትንሽ ነበርክ። እስከ አሥር ዓመትህ የሸሚዝህን ቁልፍ የምቆልፍልህ እኔ ነበርኩ፤ ወድጄህ ነው። ይኸው ዛሬ ካልሲህን የሚያገኝልህ የሁለት ዓመት ልጅህ ነው።» ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ፊቱን አጨማድዶም ነበር፤ ግን ሳቁ ቀደመው። እሷም ሳቀች፤ ሁለቱም ልጅ ሆነው አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደሚስቁት ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ስልኩን አነሣ። ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት፤ ምዝገባውን፣ ፈተናውን፣ ሳይነግራት መቆየቱን። «ይቅርታ» አለ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ከፈተና ትልቋን ጠራት። እጇ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ እንዳለ መጥታ ቆመች። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት። ልጅቱ አክስቷን አየች፤ አክስት ግን ሆን ብላ ወደ መጋረጃው ዞራ ስፌቱን ትመረምር ነበር። «የትም መማር እችላለሁ አባዬ» አለች ትልቋ። «ግን ስምንተኛን እዚያው መጨረስ እፈልጋለሁ። ሳሙናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ማስተካከል እፈልጋለሁ። ደግሞም የሚመጡት ስድስተኞች የሚያሳያቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።» ከስልኩ ውስጥ የእናትየው ድምፅ ወጣ፤ ደክሟል፣ ግን ፈገግታ አለበት። «ሰማህ?» «ሰማሁ።» «በል እንግዲህ። የተሰበረው እግሬ እንጂ አፌ አይደለም፤ ሌላ ጊዜ እኔንም ጠይቀኝ።» ዳኛው ከወጥ ቤት ብቅ ብሎ «ጉዳዩ ተዘጋ?» አለ። «ተዘጋ» አለ አባትየው። ተነሥቶ ልጁን ግንባሯን ሳማት፤ እጁ ራሷ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እጅጌውን ጠቅልሎ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደ። ድቡልቡል መቆሚያውን እየጎተተ ተከተለው፤ ወዲያው «እንዲህ አይደለም አባዬ፣ እንዲህ!» የሚል ትምህርት ከወጥ ቤት ይሰማ ጀመር።

አክስት ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ቀረች። የመጨረሻው ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ነገ ጠዋት የሆስፒታሉ መጠየቂያ ሰዓት መቼ እንደሆነ መጠየቅ አለባት፤ ለሚስትየው፣ በተጠገነው እግር በቀላሉ የሚገባ ሰፊ ቀሚስ መስፋት አለባት፤ ለቀሚሱ ደግሞ ጨርቅ መግዛት። እንዲህ እያሰበች ሳለ ትልቋ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። ፀጉሯን ታጥባ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ማበጠሪያ ይዛለች። መጥታ ከአክስቷ ፊት ቆመች። «አክስቴ፣ ፀጉሬን ትጎነጉኚልኛለሽ?»

አክስት ቀና አለች። ከልጆቹ አንዱ አድርጊልኝ ብሎ ወደ እሷ ሲመጣ ከጠዋት ጀምሮ ይህ የመጀመሪያው ነው። «ምነው፣ አንቺ ራስሽ መጎንጎን አትችይም እንዴ?» አለቻት።

«እችላለሁ» አለች ልጅቱ። «በየቀኑ እኔው ነኝ የምሠራው። ግን አንቺ ብትሠሪኝ ደስ ይለኛል።»

ወለሉ ላይ፣ በአክስቷ ጉልበቶች መካከል ተቀመጠች። አክስት ማበጠሪያውን ተቀበለቻት። ፀጉሩ እርጥብና ብዙ ነው። መሐሉን በጣቷ ጫፍ ከፈለች፤ የልጅቱ ራስ ቀስ ብሎ ወደ ጉልበቷ ሲደገፍ ተሰማት። በሱቋ ውስጥ የእሷን ያህል እጀ ፈጣን እንደሌለ ደንበኛ ሁሉ ያወራል። ዛሬ ግን ቶሎ እንዳያልቅባት ፈርታ፣ ቀጭን ቀጭን አድርጋ ጀመረች።